«አትልቀቅ» እና «ልቀቅ»

ማክሰኞ ማታ

አማርኛ ለክሬን ሬዲዮ አይመችም ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ። የእጅ ሬዲዮ ቁልፉ ሲጫን ድምፅ እስኪያስተላልፍ ቅጽበት ይፈጅበታል፤ የቸኮለ ሰው የቃሉን መጀመሪያ ያጣል። የእኛ አሉታ ደግሞ የምትቀመጠው እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው። ታች ሆኖ ክሬኑን የሚመራው ሲግናል ሰጪ «አትልቀቅ» ይላል፤ ካቢን ውስጥ የሚሰማው «ልቀቅ» ነው።

ስለዚህ ለመከልከል አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፦ «ቁም! ቁም! ቁም!»። ቁልፉንም ተጭኖ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቆ መናገር ነው።

«እሺ»ም ያው ናት፤ ለአንዱ «በቃ፣ ደርሷል»፣ ለሌላው «ቀጥል»። «ትንሽ»ስ ስንት ናት? ከሕንፃው ጀርባ የሚወርደውን የፌሮ እስር ለማያይ የቶወር ክሬን ኦፕሬተር የሚጠቅመው ቁጥር ነው፦ «አውርድ፣ 5 ሜትር፣ 3፣ 2፣ 1፣ ግማሽ፣ ቁም»። ቆጠራው መሃል ላይ ከተቋረጠ ኦፕሬተሩ ባለበት ያቆማል፤ የቀረውን በግምት አይጨርስም። ቀኝና ግራም በእሱ መቀመጫ ነው የሚቆጠረው።

አዛዡ አንድ ሰው ነው። ፎርማንም ቢሆን ጣልቃ አይገባም (ይህን ለፎርማን ማስረዳት ከጭነቱ ይከብዳል)። «ቁም» ብቻ የሁሉም ነው፤ የቀን ሠራተኛ ቢጮህም ክሬኑ ይቆማል። ኦፕሬተሩ አማርኛ የማይሰማ ከሆነ በእጅ ምልክት መግባባት ይቻላል፤ ግን ምልክቱ ከአገር አገር ስለሚለያይ ሥራ ሳይጀመር አንድ በአንድ ማሳየት ያስፈልጋል።

ኦፕሬተሩ ካቢኑ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱን ያነባል፤ ጭነቱ ከመንጠቆው የተንጠለጠለበት ካቦ ምን ያህል እንደተንጋለለ የሚያየው ግን ታች ያለው ሰው ነው። 2 ቶን በሁለት ካቦ ሲንጠለጠል ለእያንዳንዱ 1 ቶን የሚደርሰው ካቦዎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ብቻ ነው። ከአግድሙ 60 ዲግሪ ሲሆኑ እያንዳንዱ 1.15 ቶን ገደማ ይሸከማል፤ 45 ላይ 1.41፣ 30 ላይ ሙሉ 2 ቶን። ካቢን ውስጥ ያለው ንባብ ግን ያው 2 ቶን ነው፤ ማስጠንቀቂያውም አይጮህም።

ለዚህ ነው ጭነቱ ከመሬት 20 ሳንቲም ያህል ተነስቶ መቆም ያለበት። ካዘነበለ ወይም ካቦው ከተንጋለለ ይወርድና እንደገና ይታሰራል እንጂ በእጅ ተገፍቶ አይስተካከልም። የመምሪያ ገመዱም (ጭነቱ እንዳይዞር ከታች የሚያዘው) ይያዛል እንጂ መዳፍ ላይ አይጠመጠምም፤ ነፋስ ጭነቱን ሲያዞረው ያዡን ይዞ ይሄዳል።