የጅሬን ዳገትና በርጩማው

መኪናዬን ያስቆመው ፍሬን ሳይሆን በርጩማ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ሆኖም ማታ ጋደም ባልኩ ቁጥር ያ «ቋ» ያለው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።

ነገሩ የጀመረው ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ምክር ሲጠይቀኝ ነው። ኑርቡርግሪንግ ወደሚባለው የጀርመን የመኪና ውድድር ጎዳና ሄዶ በ20.8 ኪሎ ሜትሩ የሰሜን ዙር ላይ የሚነዳት ትንሽ የስፖርት መኪና ሊገዛ አስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣችው በመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 እና በ2015 ገበያ ላይ በዋለችው በአራተኛዋ ትውልድ መካከል ልቡ ተከፍሏል። እኔ በውድድር ጎዳና ላይ አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም፤ በጅማ ያየሁት ትልቁ ፍጥነት ዝናብ ሲመጣ ከሂርማታ ገበያ የሚሸሽ ባጃጅ ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቪዲዮ አይቻለሁና ሳላመነታ አሮጌዋን ግዛ አልኩት።

አሮጌዋ አንድ ቶን አትሞላም፤ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯም 115 ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ ስላለው፣ መታጠፊያ ላይ የተበላሸውን በጉልበት ማካካስ አይቻልም፤ ነጂው ፍሬን የሚይዝበትንና መሪ የሚያዞርበትን ቅጽበት ሳይወድ ይማራል። የፍሬን ዘይቷን ብቻ ቀይር፣ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል አልኩት። እርሱ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የተሠራችው ባለ 2 ሊትሯ አዲሷ 184 የፈረስ ጉልበት እንዳላት፣ መንሸራተት ስትጀምር ራሷ ፍሬን እየነካካች እንደምትስተካከል፣ ዳገት ላይም ነጂው እግሩን ከፍሬን ወደ ነዳጅ እስኪያዛውር ይዛ እንደምትቆይ ነገረኝ። በዚያ ጎዳና የብረት አጥሩን የገጨ ሰው የማሠሪያውን ሂሳብ ራሱ ይከፍላልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን «ዳገት ላይ የሚይዝህ ከፈለግህ ረዳት ቅጠር፤ ድንጋይ ይዞ ታኮ ያደርግልሃል» ብዬ ሳቅኩበት። ምነው አፌን በቆረጠው!

እሑድ ዕለት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በቪዲዮ አሳየኝ ስላለኝ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠውንና በየዓመቱ ዋጋዋ የሚጨምረውን የአጎቴን ኮሮላ ዲኤክስ ተዋስኩ። (ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ የተከራከርንባቸው ሁለቱም መኪኖች ጅማ እንደማይደርሱ እያወቅሁ መናደዴን እዚህ ላይ መደበቅ አልችልም።) ስልኩን ከፊት ለፊቴ ሰክቼ፣ «አሮጌ መኪና ከነጂው ጋር ይነጋገራል» እያልኩ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደውን የጅሬንን ዳገት ተያያዝኩት። አጋማሹ ላይ ከፊቴ የነበረው ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ቀጥ ብሎ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ለአንዳንድ ባለ ባጃጆች ዳር መያዝ ክብር የሚቀንስ ይመስለኛል። እኔም ቆምኩ። ልነሣ ስል ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ብስበው ያለ አንዳች ትግል ወደ ላይ መጣልኝ፤ አጎቴ «እርሱን አትመነው» ብሎኝ ነበር። በድንጋጤ ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። መኪናዋም ከእኔ ጋር መነጋገሯን ትታ ወደ ኋላ ሄደች።

ከኋላ አንድ አባት በርጩማ ደርድረው ይሸጡ ነበር። አንዱ በርጩማ ከጎማው ሥር ገባና መኪናዋን ቀጥ አደረጋት። ስለዚህ በርጩማ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው፤ እግሩ ሦስት ብቻ ስለሆነ በጎረበጠ መሬት ላይ እንኳ አይወላገድም። ቀላል፣ ለመሬት የቀረበ፣ ኤሌክትሮኒክስ ያልነካው! ለወራት ስሰብክለት የኖርኩት መኪና ለካ እርሱ ነበር። አንድ ቶን የሚጠጋ ብረት ከነኩራቴ ተደግፎት ሳለ አንድ እግሩ እንኳ አልተሰነጠቀም። የታጠፈው የእኛ ታርጋ ነው።

አባት ቀርበው በመስኮት አዩኝና፣ በፍጹም ርኅራኄ «ልጄ፣ ቤተ መንግሥቱ እኮ ወደ ላይ ነው» አሉኝ። ስልኩ ውስጥ የነበረው የአክስቴ ልጅ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሳቁን ይዞ ነበር። የጎማ ምልክት ያረፈበትን በርጩማ ማን ይገዛኛል ብለው ሙሉ ዋጋውን አስከፈሉኝ፤ መከራከሪያ አልነበረኝም።

የአክስቴ ልጅ አዲሷን ገዛ፤ ፎቶዋን ሲልክልኝ ከሥሩ «ታኮ አያስፈልጋትም» ብሎ ጽፎበታል። በርጩማው ቤቴ ነበር፤ አሁን ግን አጎቴ ዳገት ላይ መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ስለሚዋሰኝ ተቀምጬበት አላውቅም።