ሚስተር ቢን ያከራከረን እሑድ

ዛሬ ምሳ አባዬ ቤት ነበርን። ተበልቶ ተነሳ፣ ቡናው እየተቆላ ሳለ የእህቴ ልጅ ሪሞቱን ያዘ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዩቲዩብ ከፈተና ሚስተር ቢንን፣ ያንን ብዙም የማይናገረውን የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ቀልደኛ፣ አስጀመረልን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው አሁን የተቀመጥኩት።

ያየነው የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ ዓመታቸው ዕለት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየውን። ቢን ፈተና ይቀመጣል። የመጣው ካጠናው ጋር አይገናኝም። አጠገቡ ካለው ሰው ለመኮረጅ የማይሆነው የለም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት እንደነበረ የሚገባው። ልጁ ምንጣፉ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። እኔም ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ኋላ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። እዚህ ላይ እማዬ ፊቷ ተለወጠ። ሰውዬውን እንቅልፍ ያንገላታዋል። ቀስ እያለ ይንሸራተትና ግንባሩ መሬት ይደርሳል። የመዝሙር መጽሐፍ ስለሌለው ‹‹ሃሌ ሉያ›› የምትለዋን ብቻ እየጠበቀ ጮክ ብሎ ይዘምራል። ‹‹በእግዚአብሔር ቤት ይቀለዳል እንዴ?›› አለች እማዬ። የተቀለደው በእንቅልፍ ነው አልኳት። ሌሊት ተነስቶ መቋሚያ ተደግፎ ቅዳሴ የቆመ ሰው ያንን ትግል ያውቀዋል። አልተቀበለችኝም። የገናው ክፍል ላይ ጭንቅላቱ ትልቅ ጥሬ ዶሮ ውስጥ ሲቀረቀርማ ተነስታ ወደ ረከቦቱ ሄደች። ‹‹እህል እኮ ነው!›› ለዚህ መልስ የለኝም። እንጀራ ሲወድቅ በአክብሮት በሚነሳበት ቤት ነው ያደግኩት። እዚህ ላይ እሷ ትክክል ናት።

የአባዬ ቅሬታ ግን ሌላ ነበር፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

አባዬ ቃል የሚወድ ሰው ነው። የአለቃ ገብረ ሃናን ጨዋታ እየነገረ ነው ያሳደገን። ለእሱ ቀልድ ማለት አፍ ነው። አንዲት ቃል ተወርውራ፣ ሰው ትንሽ አስቦ፣ ወርቁ ሲገባው ሲስቅ። ‹‹ይሄ ፊቱን ያጣምማል እንጂ ምን አለ?›› አለኝ። ‹‹ፊት ማጣመም ዝንጀሮም ይችላል።››

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ይህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እንግሊዝኛ ሳንችል የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ያስተርጓሚ ያለህ ሳንል የሳቅንበት እሱ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳርቻው ትዕይንት መለስኩት። ‹‹አባዬ፣ ይቺን ብቻ በደንብ እያት›› አልኩት።

ቢን ሊዋኝ መጥቷል። ቁምጣውን መቀየር ይፈልጋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ተቀምጧል። አፈረ። ሱሪውን ሳያወልቅ የዋና ቁምጣውን ከላይ አጠለቀና፣ ከዚያ ሱሪውን በቁምጣው ውስጥ አሳልፎ ለማውጣት ይታገላል። ይጎትታል፣ ይጠማዘዛል፣ ሰውየው ዞር ያለ ሲመስለው ምንም እንዳልሆነ ሰው ይቆማል። በመጨረሻ ሰውየው ነጭ ዘንጉን ይዞ ይነሳል። ዓይነ ስውር ነው።

አንድ ቃል የለም። ግን ይሉኝታን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ሰው አላውቅም። ማንም ሳያየን ስንት ጊዜ ተሸማቅቀናል? ማንም ሳይጠይቀን ስንት ጊዜ ራሳችንን ደብቀናል? ሰሙ ሱሪው ነው፣ ወርቁ እኛ ነን። ይህንኑ ለአባዬ ነገርኩት። ሲኒውን ይዞ ዝም አለ። ‹‹እሱስ ልክ ነህ›› አለ ቆይቶ። ‹‹ግን በቃል ቢሆን ይበልጥ ነበር።››

እህቴ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። ሰውየው ክፉ ነው ትላለች። ያቺን ባለ ሦስት ጎማ ሰማያዊ መኪና ባገኛት ቁጥር ከመንገድ ያስወጣታል፣ ይገለብጣታል። ልጅ ምን ይማራል? ክፋቱን አልክድም። የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ራሱ ቢንን በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ልጅ ነው ይለዋል። ልጅ ደግሞ የእኔ ብቻ ማለት ያውቃል። እኔ እንዲያውም ፊልሞቹን ከቴሌቪዥኑ አሳንሼ የማያቸው ይህ ክፋት ስለሚለዝብባቸው ነው። በ1997ቱ ፊልም ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዝነኛውን ሥዕል ያበላሽና፣ መጨረሻ ላይ ያስተናገደው ቤተሰብ ይታረቃል። ቢን ሰው ሲያስታርቅ አይጥመኝም። እህቴ በተቃራኒው ከሁሉም የምትወደው በ2007 የወጣውንና ፈረንሳይ የሚሄድበትን ነው። ‹‹እዚያ ላይ ለአንድ ትንሽ ልጅ ያስባል›› አለች። ልጁን ባቡር ጣቢያ ላይ ከአባቱ የለየው ራሱ ቢን እንደሆነ አስታወስኳት። ‹‹ቢሆንም አብሮት ሄደ›› አለች። በዚህ አንስማማም፤ እንተወው ተባባልን።

አባዬ ግን አልተወም። ‹‹ሰውየው ንግግር ስለማይችል ነው ዝም የሚለው›› አለ።

ይሄኛው እንዲያልፍ አልፈለግኩም። አትኪንሰን የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ኒውካስል፣ ከዚያ ኦክስፎርድ። ከቢን በፊት ከ1983 እስከ 1989 ብላክአደር በሚባል ድራማ ላይ ተጫውቷል። እሱ ከዳር እስከ ዳር ቃል ነው። ስድቡ ራሱ ተቀምሞ የሚወጣ፣ አባዬ እንግሊዝኛው ቢሆንለት ከአለቃ ጨዋታ ጎን የሚያስቀምጠው ዓይነት ነው። ቃል የሞላው ሰው ነው ቃሉን አስቀምጦ ቢንን የሠራው። ይህን ሳስብ ለዝምታው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከዚያ ሳላስበው አንድ ነገር ጨመርኩ። ‹‹ደግሞ ንግግር አስቸግሮት ያደገ ሰው ነው፤ ይንተባተባል›› አልኩ። ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት ግን እንደሚለቀው ራሱ ተናግሯል።

ቤቱ ጸጥ አለ። የእህቴ ልጅ አንደበቱ ይያዛል። ትምህርት ቤት ስሙን ሲጠሩ እጁን ብቻ እንደሚያወጣ እናውቃለን። ቤት ውስጥ ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ይከፋዋል ብለን ሁላችንም እንዳላየን እናልፋለን። እህቴ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ልጁ ሪሞቱን አስቀመጠ። ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

‹‹የ-የትኛው ፊደል ነው ጋሼ፣ የሚያስቸግረው?››

‹‹ ‹በ› ነው›› አልኩት። ‹‹ለዚህ ነው በ ያለበትን ቃል አንዳንዴ ጠበቅ አድርጎ የሚጠራው።››

ትንሽ አሰበ።

‹‹እኔን ‹መ› ናት›› አለ።

አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና ጠጋ አለ። ‹‹እስቲ ያቺን የፈተናዋን መልሳት›› አለው። መለሰለት።