ማመልከቻ ላይ የማይጻፈው

ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚውሉት አንዱ ነበርኩ። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒውተር። አሁን ልብ ወለድ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ 60ን አልፏል። የመጀመሪያው መጽሐፌ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። አሳታሚውም ከፋዩም እኔው ነኝ።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜ?» ይለኛል። ክፋት የለበትም። ግን በ30 ዓመቴ ብጀምር ኖሮ ይህን መጽሐፍ አልጽፈውም ነበር፤ ገና የሰው ታሪክ መስማት መጀመሬ ነበራ።

ባለጉዳይ መጥቶ ሲቀመጥ ነገሩን የሚጀምረው ከሥሩ ነው። የመሬት ድንበር ክርክር ይዞ የመጣ ሰው ከአያቱ ይነሳል፣ የበሬውን መልክ ይነግርሃል፣ ልጅ ሳለ ወንድሙ ከሞላ ወንዝ ጎትቶ እንዳወጣው ይነግርሃል፣ እና ያ ወንድሙ ነው ዛሬ ተከሳሹ። አንተ ግን ይህን አትጽፍም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚፈልገው አጠር ያለ ፍሬ ነገር ነው። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የቦታው ስፋት፣ አዋሳኞቹ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የምስክሮች ዝርዝር። ቴምብር ይለጠፋል፣ አለቀ። ወንዙ መዝገቡ ውስጥ የለም። ሕጉ ትክክል ነው፣ እንዲያ ባይሆን መዝገብ አይዘጋም። እኔ ግን ወንዙን ይዤ ነበር ቤቴ የምገባው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የማንንም ባለጉዳይ ምስጢር አልጻፍኩም። ሰው አምኖ የነገረኝን ስም ቀይሬ ገበያ ባወጣው ነውር ነው። የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። ሰው እንዴት እንደሚናገር። ነገሩን አጥንቶ የመጣ ሰው ቀንና ሰዓት ይደረድራል፤ በእውነት የደረሰበት ግን «ከጥምቀት በፊት ነው፣ ትንሿ ልጄ ገና አልተወለደችም» ይልሃል። በጣም የተጎዱ ሴቶች ደግሞ ወደ ጉዳያቸው ቶሎ አይገቡም፤ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፣ አንተ ብዕርህን ስታስቀምጥ ነው ዋናው የሚመጣው። ገጸ ባሕሪዎቼን ያናገርኳቸው በዚህ ነው።

መጽሐፉ አራዳ አካባቢ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ስለወረሱ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ቤቱ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። አይነጋገሩም። ማታ ግን አንዱ የሌላውን ሳል ይሰማል። ታሪኩ ሁሉ ከዚያ ሳል ነው የተነሳው።

ያ ሕግ በወጣበት በ1958 ዓ.ም ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ያኔ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ነበር። ከጠላት ጋር ተዋግተው፣ ጣሊያን አገር ታስረው፣ በዲፕሎማትነት ብዙ አገር አይተው ነው። ራሴን ከእሳቸው ጎን ማስቀመጤ አይደለም። ግን ያን ሁሉ ባይኖሩት ኖሮ ያን መጽሐፍ ይጽፉት ነበር? አይመስለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ያናገርኩት ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ነው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የነገሩህ ዋጋ ሳምንት ላይቆይ ይችላል። ኮፒ ሲያንስ ደግሞ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ምክንያቱም ማሽኑን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ ለ500ም ለ3,000ም ያው ነው። ቀብድ መጀመሪያ ትከፍላለህ። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ይቀንሳል፣ ያንተን የሚሰጥህ ሲሸጥለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ «እኔ የምልህ፣ የዕቁቡን ብር ለዚህ ልታደርገው ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እንግዲያው ሽፋኑን እኔ ሳላየው እንዳታሳትም» አለች።

ረቂቁን ያነበበ አንድ አከፋፋይ «ጋሼ፣ ትንሽ የፍቅር ታሪክ ቢገባበት ይሸጣል» ብሎኝ ነበር። በቅን ነው የተናገረው፣ ገበያውንም ያውቃል። አልጨመርኩም። ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው በሚፈልገው ልክ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ የራሴን ብር አውጥቼማ እንዲያ አላደርግም። የልጄን እርማት ግን ተቀብያለሁ። ፊደል እየለቀመችልኝ ሳለ ጠርዙ ላይ «አባዬ፣ እዚህ ጋ እኮ ማመልከቻ ሆኗል» እያለች ትጽፍልኛለች። ልክ ናት። እነዚያን ገጾች እንደገና ጽፌያቸዋለሁ።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ለእኔ ቢጤ ይህ ማለት መብቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ማለት ነው። ግን መጽሐፍ በወጣ ማግስት ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ በነፃ ይለቀቃል። የሚለቁት መጽሐፍ እንወዳለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ከወደዳችሁ ግዙ። ካልቻላችሁ ተዋሱ፣ ተዋውሶ ማንበብ አይከፋኝም።

የጎንደሩን ሽያጭ ራሴ ነው የምይዘው። ለፒያሳና ለማራኪ የመጽሐፍ መደብሮች በእጄ አደርሳለሁ። አዘዞ በኩል መጽሐፍ ተረክቦ በአግባቡ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ሁለተኛውንም ጀምሬያለሁ፣ እሱ ስለ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው።