ወንዶች ልብስ በኦንላይን የምንገዛበት ዋናው ምክንያት ይሉኝታ ነው

የመጨረሻዎቹን አራት ሸሚዞቼን የገዛሁት በስልኬ ነው። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ «ጊዜ ይቆጥብልኛል» እላለሁ፤ ነገር ግን ሜትር ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር፣ የገዢዎችን አስተያየት ሳነብና ሁለት የማይለያዩ ሰማያዊ ቀለሞችን ሳነጻጽር የማጠፋው ጊዜ ሱቅ ደርሶ ከመመለስ ስለማያንስ፣ መልሱ እውነት አይደለም።

ከሱቅ ያራቀኝ የሻጩ ደግነት ነው። መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ «አማረብህ» ለሚለኝ ሰው፣ ዓይኑን እያየሁ «አልወደድኩትም» ማለት ይከብደኛል፤ ሦስተኛውን ሱሪ ከመደርደሪያ ካስወረድኩ በኋላማ ባዶ እጄን መውጣት ውለታ ቢስነት ይመስለኛል። ትከሻው የሚያጣብቅ ኮት ገዝተው አንድም ቀን ሳይለብሱት የሰቀሉ ወንዶች ሲነግሩኝ የምሰማው ይህንኑ ነው። ወገቡ በሁለት ቁጥር የጨመረ ሰው ደግሞ ልኩን ሌላ ደንበኛ እየሰማ ጮክ ብሎ መናገር አይፈልግም። ስልክ ላይ ግን የመረጥኩትን እኩለ ሌሊት ላይ ብሰርዘው የሚቀየመኝ የለም።

የወንዶች ልብስ አለካክም ለዚህ ያመቻል። ሸሚዝ ብዙውን ጊዜ በአንገት ዙሪያና በእጅጌ ርዝመት፣ ሱሪ በወገብና በውስጥ እግር ርዝመት ይለካል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 50 ቁጥር ኮት የደረቱ ዙሪያ 100 ሴንቲሜትር ገደማ ለሆነ ሰው የተሰፋ ሲሆን፣ እንግሊዞችና አሜሪካውያን ይህንኑ በኢንች ቆጥረው 40 ይሉታል። አንዴ የተስማማኝን ሱሪ ሲያልቅብኝ ያንኑ በሌላ ቀለም ከማዘዝ በቀር ሌላ ጣጣ የለብኝም።

ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። በቅርቡ ወገቡ 34 ኢንች ተብሎ የተሸጠልኝን ሱሪ ቆልፌ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና ወገቡን ከዳር እስከ ዳር ለካሁት፤ 46 ሴንቲሜትር ተኩል ሆነ። እጥፉ 93 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከ36 ኢንች ተኩል በላይ ነው። አንዳንድ አምራቾች ገዢው ቀጭን የሆነ እንዲመስለው ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ይጽፋሉ፤ ሽንገላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምመለከተው ቁጥሩን ሳይሆን ልብሱ ራሱ ተዘርግቶ የተለካበትን ሠንጠረዥ ነው፤ ያንን የማያወጣ ሻጭ ጋር አልገዛም። ንጹሕ ጥጥ ከሆነም በመጀመሪያው እጥበት ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ ልክክ የሚለውን አልመርጥም።

ኮት ግን አሁንም ለብሼ ካላየሁት አልገዛም፤ እጅጌና የሱሪ ጫፍ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል፣ ትከሻን ማስተካከል ግን ልብሱን ፈትቶ እንደ አዲስ የመስፋት ያህል ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ልብስ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳያስረዳ፣ ውሉን ሰርዞ ሊመልሰው ይችላል። «ምክንያቱን ሳያስረዳ» የሚለው ሐረግ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። ይሁንና የሻጬ የመመለሻ ቀን ያለፈበት አንድ አረንጓዴ ሹራብ እስካሁን ከነላስቲኩ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ለዚህኛው የማመካኝበት ሻጭ የለኝም።