ወደ ኡቲ፣ በጥርሳሙ ሀዲድ

ደቡብ ህንድ ለትምህርት የመጣ ሐበሻ ሁሉ ሙቀቱን ያማርራል። እኔም ያው ነኝ። ኒልጊሪ ተራሮች ላይ የአዲስ አበባ ዓይነት ብርድ አለ ሲሉኝ ወዲያው ቲኬት ቆረጥኩ።

ወደ ተራራዋ ከተማ ወደ ኡቲ የሚወጣው ባቡር ከተራሮቹ ግርጌ ካለችው ከሜቱፓላያም የሚነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ኡቲ 46 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ መንገዱ ግን አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለምን እንደሆነ ካላር ጣቢያን ስታልፉ ይገባችኋል። ዳገቱ በየ12 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ተራ የባቡር ጎማ እዚህ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሁለቱ ሀዲዶች መሀል ጥርስ ያለው ብረት ዘርግተዋል፤ የእንፋሎት ሎኮሞቲቩ ጥርሳም ጎማ እሱን እየነከሰ ይወጣል። የሚሄደውም እየጎተተ ሳይሆን ከኋላ እየገፋ ነው።

ታዲያ ሾፌሩ ከፊት ያለውን መንገድ እንዴት ያያል? በየፉርጎው በረንዳ ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ቆሟል። የፊተኛው አረንጓዴ ባንዲራ ያውለበልባል፣ የኋለኞቹ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። የኛ ፉርጎ ሰውዬ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል። ገደል ስናይ እኛ እንጮሃለን፤ እሱ ዓይኑን ከሀዲዱ አይነቅልም። መስመሩ መሀል መንገድ ላይ ያለችው ኩኑር ከተማ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ኡቲ በ1908 ነው። 16 ዋሻ፣ 250 ድልድይ አለው። ሂልግሮቭ ጣቢያ ላይ ውሃ ለመቅዳት ስንቆም ጦጣዎቹ ከአንዲት ልጅ እጅ ብስኩት ነጥቀው ጣሪያ ላይ ወጡ። ከኩኑር በኋላ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተቀየረ፤ ግራ ቀኙ ሻይ ቅጠል ነው።

ኡቲ ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን። ከፍታዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ባህር ዛፉ ሲሸተኝ እንጦጦ ያለሁ መሰለኝ። እንግሊዞች በ1820ዎቹ ቤት መሥራት ሲጀምሩ አገሩ የጎሽ አርቢዎቹ የቶዳዎች ግጦሽ ነበር። ያ ዛሬም ሊነገር ይገባዋል።

ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። መሠረቱ የተጣለው በ1829 ነው። ወፋፍራሞቹ የጣሪያ እንጨቶች እንግሊዞች ድል ካደረጉት ከማይሶር ገዥ ከቲፑ ሱልጣን ቤተ መንግሥት የመጡ ናቸው። ቀና ብዬ እያየኋቸው መቅደላ ትዝ አለኝ። መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም የተነሳው ከዚሁ ከህንድ ነበር። የኛም ታቦት፣ የኛም ብራና እንዲሁ ሄዷል። ቶሎ ወጥቼ የከተማዋን ውበት የማይ መስሎኝ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ከዚያ መነሳት አልቻልኩም።

የምትሄዱ ካላችሁ ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ ቶሎ ያልቃል። መመለሻውንም በባቡሩ አድርጉት። ቁልቁለቱ ፈጠን ይላል፣ ሸለቆውም ከላይ ሲታይ ሌላ ነው።