ከዚራን ለ87 ማካፈል

ከካርቶን የምሠራው የባቡር ጣቢያ ሞዴል ቆሟል። ጣሪያው ግማሽ ላይ ነው። ሐዲድ ገና የለም፣ ባቡርም የለም። «አቦ፣ ባቡር ሳይኖርህ ጣቢያ ትሠራለህ?» እያሉ የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። ይሳቁ። የሞዴል ባቡር ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ካርቶን ግን ከየሱቁ በር ላይ በነጻ ይነሳል። ስለዚህ ከሚቻለው ጀመርኩ።

የምሠራው የአንድ የታወቀ ቤት ቅጂ አይደለም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ እየዞርኩ በረንዳውን ከአንዱ፣ መስኮቱን ከሌላው ወስጄ ትንሽ የገጠር ጣቢያ አድርጌዋለሁ። አሮጌው መስመር ዳር ቆሞ ቢያገኙት «ይሄንንማ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» የሚያስብል ዓይነት። ዋናውን ጣቢያ ለገሃርን ራሱን ለመሥራት ገና ነኝ። እጄ ይፍታታ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ልኬት ስለሆነ እሱን ላስቀድም። የመረጥኩት ኤችኦ የሚባለውን ነው፤ 1 ለ87። እውነተኛው ነገር ሁሉ ለ87 ይካፈላል ማለት ነው። አንድ ሜትር 11 ሚሊ ተኩል ይመጣል። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ይሆናል፣ 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር 24 ሚሊ። ከዚህ የሚያንስ ኤን የሚባል አለ፤ 1 ለ160። ቦታ ለጠበበው ጥሩ ነው። ግን በሩ 13 ሚሊ ብቻ ነው። በከተር መስኮት እየቆረጠ ለሚውል ሰው ዓይን አያተርፍም።

ሒሳቡን በስልክ እየመቱ መዋል ያሰለቻል። ይልቅ ወፍራም ወረቀት ቁረጡና በየ11 ሚሊ ተኩሉ መስመር አስምሩበት። ያ የእናንተ ሜትር ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ሜትር ለአራት ከፍያታለሁ፣ ለመስኮትና ለደረጃ ትጠቅማለች። ከዚያ በኋላ ማባዛትም ማካፈልም የለም፣ መለካት ብቻ ነው።

ስለ ሐዲዱም አንድ ነገር እወቁ፣ ገንዘብ ያድናል። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የገባው፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። በኤችኦ 11 ሚሊ ተኩል ማለት ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው የኤችኦ ሐዲድ ግን 16 ሚሊ ተኩል ነው። እሱ ባለ 1435 ሚሊው ሐዲድ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ማለት ነው። ውጭ ያለ ዘመዳችሁን «ኤችኦ ሐዲድ ላክልኝ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ የሚመጣላችሁ አዲሱ መስመር ነው። ለአሮጌው የሚሆነው ኤችኦኤም የሚሉት ባለ 12 ሚሊ ነው። እሱ ከጠፋ ቲቲ የሚባለው ልኬት ሐዲዱ 12 ሚሊ ስለሆነ ያገለግላል። ከብረቶቹ ሥር ያሉት አግዳሚዎች ትንሽ ተጠጋግተው ይታያሉ እንጂ።

ቤት ለመለካት ደግሞ ሜትር ይዞ ሰው በር ላይ መቆም አያዋጣም። ዘበኛ ይመጣል። «ምን ልትሠሩ ነው? ሊፈርስ ነው እንዴ?» ይባላል። ከዚያ ማስረዳት ነው፣ አስረድታችሁም አትታመኑም። ብሎኬት ቁጠሩ። አንዱ ብሎኬት 40 ሴንቲ በ20 ነው። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ብሎኬት ባይሆኑም ከጊዜ በኋላ የተጨመረ አጥር ወይም ክፍል አያጡም። ካልሆነ ቁመቱን የምታውቁትን ጓደኛ በሩ ጋ አቁማችሁ ፎቶ አንሱት። ሰውየው ሜትር ሆነ ማለት ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ገና በወረቀት ላይ እንደነደፍኩ ለጎረቤቴ አሳየሁ። ጡረታ የወጡ ሸሚኖ፣ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ጥሩ ነው ልጄ። ተሳፋሪው የት ሆኖ ነው የሚጠብቀው?»

«በረንዳ አለው እኮ ጋሼ፣ ይኸው» አልኳቸው።

«በረንዳውንማ አየሁት። ጥላው የታለ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከተማውን ስዞር ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ድሬ ላይ ቤት የተሠራው ከፀሐይ ለመሸሽ ነው። ከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች አሏት፣ ዳርና ዳር ዛፍ። ግድግዳው ወፍራም ነው። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ፐርሲያና፣ ማለትም ርብራብ ያለው መዝጊያ አለው። ጣሪያው ወደ ፊት ወጣ ይላል። እነዚህ ሁሉ ለጌጥ የመጡ አይደሉም። ቀትር ላይ አንድ ቤት ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ጥቁርና ነጩ ነው፤ ቀለሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። የሞዴል ቤቶች ፎቶ ሳይ ብዙዎቹ የማያሳምኑኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መስኮቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጥልቀት ከሌለ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ የኬክ ሣጥን ነው።

ስለዚህ ግድግዳ በወፍራሙ ነው የሚሠራው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በኤችኦ 6 ሚሊ አካባቢ ነው። ተራ የዕቃ ካርቶን 3 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ ልክ ይመጣሉ። ሲደራረቡ ግን የውስጣቸው ቦይ አቅጣጫ ይለያይ፤ የአንዱ ቁልቁል ከሆነ የሌላው አግድም። አለበለዚያ ኮላው ሲደርቅ ግድግዳው ይጎብጣል። በዚህ በእኛ ሙቀት ኮላ ሳይታሰብ ነው የሚደርቀው፣ መጉበጡም ፈጣን ነው። ኮላውን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ እስኪያድር አትንኩት። የመስኮቱ ቀዳዳ የተቆረጠበት ጠርዝ ቦዩን ስለሚያሳይ በቀጭን ወረቀት ሸፍኑት።

ልስኑ ጀሶ ነው። ጀሶ፣ ትንሽ የእንጨት ኮላ፣ ውሃ፤ እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ድረስ፣ ከዚያ በብሩሽ። አታወፍሩት። አንድ ሚሊ የምታክል ስንጥቅ በእውነተኛው ቤት ላይ ወደ 9 ሴንቲ የምትጠጋ ናት፤ እንዲህ የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ማን ይገባል? ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት።

የበረንዳው ጥልቀት 2 ሜትር ነው፣ 23 ሚሊ። ለምሰሶ ስቴኪኒ ይበቃል። ውፍረቷ 2 ሚሊ ነው፣ በእውነቱ ዓለም 17 ሴንቲ የሆነ እንጨት። ጣሪያው ከመለጠፉ በፊት ክፍሉን አጨልማችሁ አንድ አምፖል ከላይ አንጠልጥሉ። የቀትር ፀሐይ ማለት እሱ ነው። ጥላው በሩን ካልሸፈነ ጣሪያውን ወደ ፊት አውጡት። እኔ ከወረቀቱ ንድፍ በላይ 4 ሚሊ አውጥቼዋለሁ፣ ፊቱ ተለወጠ። ጥላን በጥቁር ቀለም የሚስሉ አሉ። አይስማማኝም። አምፖሉ ቦታ ሲቀይር የተቀባው ጥላ እዚያው ይቀራል።

ፐርሲያናው ከሁሉም በላይ የተደሰትኩበት ነው። አንዱ ክንፍ 21 ሚሊ በ6 ነው። በዚህ ስፋት ላይ ርብራቡን አንድ በአንድ ቆርጦ መለጠፍ እብደት ነው። መላው የልብስ ስፌት ክር ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት በ6 ሚሊ ስፋት በረጅሙ ትቆርጣላችሁ። ክሩን ከጫፍ ጀምራችሁ አንዱን ዙር ከሌላው እያስጠጋችሁ ትጠመጥማላችሁ፣ ሳትደራርቡ። በውሃ የቀጠነ ኮላ ትቀቡታላችሁ። ሲደርቅ በየ21 ሚሊው ትቆርጣላችሁ። ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን የወረቀት ክፈፍ ስትለጥፉበትና አረንጓዴ ስትቀቡት፣ አግድም አግድም የተሰደረው ክር ርብራብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጸጉር የሌለው፣ ለስላሳ ክር ይሁን፤ ጥጥ ክር ቀለም ሲነካው ጸጉሩ ይቆማል። እኔ የያዝኩት ከአንድ ልብስ ሰፊ የተረፈ ነው። ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው ጭንቅላቱን ነቅንቆ አንድ ድውር ጨመረልኝ። ከዚያ ክንፎቹን ሁሉንም እኩል አትክፈቱ። አንዱ ይዘጋ፣ አንዱ ገርበብ ይበል። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሁሉንም መስኮት እኩል የሚከፍት ሰው የለም፣ ያ ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ የምሠራው በዚያ ሰዓት ነው፣ ማንም በር አያንኳኳም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 76 ሚሊ አካባቢ ነው፤ በኤችኦ ከአንድ ሚሊ ያንሳል። ያንን በእጅ ማጠፍ አይታሰብም። ባለ 5 ሚሊ ቡሎን ግን ጥርሱ በየ0.8 ሚሊው ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የዱቄት ወተት ጣሳ ሲከፈት አፉ ላይ ያለውን ፎይል አውጡት፣ የወጥ ቤቱ ፎይል ይሳሳል፣ ይቀደዳል። ለስላሳ ነገር ላይ አንጥፉት፤ እኔ አሮጌ የነጠላ ጫማ ሶል ነው የምጠቀመው። ከዚያ ቡሎኑን እንደ መዳመጫ ተጭናችሁ አንከባሉበት። ቀጥ ያሉ ቦዮች ይወጣሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቡሎን ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቦዮቹ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ስትቆርጡ የፎይሉን ጠርዝ አትከተሉ፣ ቦዩን ተከተሉ።

ጣሪያውን በአንድ ትልቅ ፎይል አትሸፍኑት። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 23 ሚሊ ነው፤ በዚያ ልክ ቆራርጡና ከታች ጀምራችሁ እንደ ቤት ሠሪ አንድ በአንድ አልብሱት፣ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ ይንጠልጠልበት። ጊዜ ይፈጃል። የእኔ ጣሪያ ግማሽ ላይ የቆመውም ለዚህ ነው። ግን አንዱን ከሌላው ትንሽ በተለየ ዝገት ስትቀቡት፣ አሮጌው መሐል አንድ አዲስ ጣል ስታደርጉበት፣ ጣሪያው ዕድሜ ያገኛል። ፎይሉን ከመቀባታችሁ በፊት በአልኮል ጥረጉት፣ ቅባት ካለው ቀለሙ እንደ ቆዳ ይገፈፋል።

ለእንጨቱ ደግሞ ቀለም አያስፈልግም። የብረት ማጠቢያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት፤ ክዳኑን አታጥብቁት፣ አየር ያወጣል። የአይስክሬም እንጨት መጀመሪያ ወፍራም ሻይ ቅቡት። ሲደርቅ ያንን አቼቶ በላዩ። ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል፣ ፀሐይ የመታው የቆየ ጣውላ ይመስላል። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ነው። የበረንዳውን ወለልና የዕቃ መጫኛውን መድረክ በዚህ ነው የሠራሁት። ሽታው ለሁለት ቀን ቤት ውስጥ ይቆያል፣ ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ስለ ግድግዳው ቀለም አጭር ነገር ልበል። ከቀለም ሱቅ በቆርቆሮ የምታመጡት ቢጫ ለሞዴል ይከብዳል። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ነጭ ጨምሩበት፣ «በጣም ሳሳ» እስክትሉ ድረስ። ከታች ጠርዙ ላይ የድሬ አቧራ ራሱ ይሠራል፤ ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ ጥቂት አሸዋ አምጥታችሁ በሴት ስቶኪንግ ንፉት። አንድ ሚሊ የምታህል ጠጠር ወደ 9 ሴንቲ ድንጋይ ስለሆነች ዱቄቱን ብቻ ነው የምትፈልጉት። መሬቱም፣ ግድግዳው ሥር ያለውም አቧራ ከዚያው ይሁን፣ ያኔ ቤቱ መሬቱ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን እዚያው የኖረ ይመስላል።

ዛፍ ላይ ገና ነኝ። የተቃጠለ ሞተር ጥቅልል ሽቦ ገምጄ ግንድና ቅርንጫፍ ሠርቻለሁ። ቅጠሉን በተፈጨ ስፖንጅ ሞክሬዋለሁ፣ ጎመን መሰለ። የተሻለ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጎረቤቴ ትናንት መጥተው ነበር። በረንዳው ላይ አምፖሉን አብርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ቆዩና «አግዳሚ ወንበር አድርግበት፣ ቆመን አንጠብቅም» አሉኝ። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ወንበር ነው። ከዚያ የውሃ ታንከር፣ ከዚያ የዕቃ መጋዘን። ለታንከሩ የሚሆን 5 ሴንቲ አካባቢ ስፋት ያለው ጣሳ አግኝቻለሁ፤ እግሩን ግን ከምን እንደምሠራው አልወሰንኩም። ባለ 12 ሚሊ ሐዲድ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ፣ አንድ ሜትር ብትሆን ለበረንዳው ፊት ትበቃኛለች።