የኮቲ ሺፕር፦ በብልቃጥ ግርጌ የቀረው

የሽቶ ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ፓሪስ ዳር ባለው የሴንት ኡዋን አሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከዛጉ ቁልፎችና ጥርሳቸው ከረገፈ ማበጠሪያዎች መካከል አገኘኋት። ግርጌዋ ላይ ጥቂት ጠብታ እንደ ጠቆረ ማር ወፍሮ ቀርቷል። ወረቀቷ ላይ «ኮቲ ሺፕር» የሚለው ጽሑፍ ገና ይነበባል። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ አልተከራከርኩም።

ስከፍታት መጀመሪያ የሸተተኝ የቆየ ዘይት ነው። ከላይ የነበረው ቤርጋሞት ተበላሽቷል፤ የሎሚ ወገን ሲቆይ ቀድሞ የሚሄድ እሱ ነው። አንጓዬን ነካ አድርጌ ባቡር ተሳፈርኩ። ቤቴ ስደርስ ዝናብ ያባራበት ጫካ ሆኖ ጠበቀኝ፦ እርጥብ ቅርፊት፣ ምሬት፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ገላ የሚመስል ሙቀት። አያቴ በትንሽ ቀንድ ታስቀምጠው የነበረው ዝባድ ትዝ አለኝ። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎችም ዝባዱን ከአገራችን በበሬ ቀንድ እንደታሸገ ያስመጡ ነበር።

ኮርሲካ ውስጥ አዣክሲዮ የተወለደው ፍራንሷ ኮቲ ሺፕርን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ሺፕር በፈረንሳይኛ ቆጵሮስ ማለት ነው። ቤርጋሞት፣ ላብዳነም የተባለው ሙጫ፣ በኦክ ዛፍ ላይ እንደ ሽበት የሚበቅለው ኦክሞስ፤ በዚህ አጥንት ላይ የቆመ ሽቶ ሁሉ ዛሬም ሺፕር ይባላል። ጌርላን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት በ1919 ያወጣው፣ የኮክ መዓዛ የተጨመረበት ሚትሱኮ እስከ ዛሬ ይሸጣል። እናትየዋ ግን ከገበያ ከጠፋች ቆይታለች።

እንደ ቀድሞው ልሥራሽ ቢሏትም አይሆንም። ኦክሞስ ውስጥ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል ቆዳ ስለሚያስቆጡ የአውሮፓ ኅብረት ለገበያ በሚቀርብ ሽቶ ውስጥ ከልክሏቸዋል። ለቆዳው መጠንቀቁን አልቃወምም፤ ዛሬ ሺፕር ተብለው በሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ግን ያ ጥቁር ምሬት የለም፤ እኔ የምወደው ደግሞ እሱን ነው።

ቬርሳይ ውስጥ ኦስሞቴክ የሚባል የሽቶ ቤተ መዛግብት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ ሲሆን፣ የጠፉ ሽቶዎችን በጥንቱ ቅመማቸው ሠርቶ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አርጎን ጋዝ ሞልቶባቸው ያቆያል። ሄጄ ሺፕርን በቀጭን ወረቀት ላይ አሸተትኩት። እኔ ዘንድ የሞተው ቤርጋሞት እዚያ ሕያው ነው፤ ብርቱካን ሲላጥ ፊት ላይ እንደሚረጨው ዓይነት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ወረቀቷን ነጠላዬ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥኳት። ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ስዘረጋ ቤርጋሞቱም ጽጌረዳውም ሄደዋል፤ ኦክሞሱ አለ።